አዲስ ማርሚታ በቤቴ ገጠምኩ፤ ሞተሬ ግን መሳል ጀመረ

ሐይቅ_ዳር | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2:40

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሀዋሳ ነው። የሕንድ ስሪት የሆነች ባለ 150 ሲሲ፣ ባለ አራት ምት ሞተር ሳይክል አለችኝ። ማርሚታዋ (የጭሱን ድምፅ የሚቀንሰው የጭስ ማውጫ) ስድስት ክረምት ችሎ ዘንድሮ ሆዱ ተበሳ። መጀመሪያ እርሳስ የምታስገባ ቀዳዳ ነበረች፤ በያጅ ዘንድ ወስጄ ላሜራ አስለጠፍኩባት። በወሩ ከልጣፉ አጠገብ ሌላ ተከፈተ። በያጁ ራሱ አገላብጦ አየውና «ወንድሜ፣ እዚህ ላይ የምበይደው ብረት የለም፤ የቀረው ዝገት ነው» ብሎ መለሰኝ።

ኦሪጅናሉ ዋጋው ስለከበደኝ ኮፒውን ገዛሁ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ግቢያችን ውስጥ ራሴ ፈታሁ፣ ራሴ ገጠምኩ። አሮጌውን ማውጣት ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ፤ አዲሱን መግጠም ሃያ ደቂቃ። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

ሳስነሳት ከቴስታታው (ከሞተሩ ራስ) ጋር በሚጋጠምበት አፍ በኩል «ጭስ ጭስ ጭስ» የሚል ድምፅ ይወጣል። ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳልሰጣት ቆማ በዝግታ ስትሠራ) ሆና የሳንባ ሕመምተኛ ትመስላለች። ፍጥነት ይዤ የነዳጅ እጀታውን ስለቅ ደግሞ ከኋላ ይተኩሳል፤ አንድ ሽማግሌ መንገድ ላይ ደንግጠው ከዘራቸውን አነሱብኝ። በዚያ ላይ የማርሚታው የኋላ ማሰሪያ ጆሮ ከሻንሲው ቀዳዳ የትንሽ ጣት ውፍረት ያህል ይርቃል፤ እኔም በቡሎኑ ጎትቼ አስገድጄ አሰርኩት። ማርሚታው ራሱም በየቦታው ይጨስ ነበር፤ ያ ግን አሁን ቆሟል።

የት ተሳሳትኩ?

ነፃ_ቱቦ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3:05

የት ተሳሳትክ? የትም። ሞተርህ ገና አሁን ድምፅ አገኘ። እኔ እንዲያውም እንዲተኩስልኝ ብዬ የማርሚታዬን ሆድ ዕቃ አስወጥቻለሁ። ውስጡ የተደረደረው ግድግዳና ወንፊት ጭሱን ከማነቅ በቀር ጥቅም የለውም። አስቆርጠህ አስወጣውና ጉልበቷን እያት።

ጋሽ_ግራሶ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3:50

ሐይቅ ዳር፣ ልጄ፣ ከላይ የተጻፈውን ለጊዜው እለፈው፤ እመለስበታለሁ። መጨሱ አያስጨንቅህ። ፋብሪካ ውስጥ ዝገት እንዳይዘው የተቀባው ዘይትና የእጅህ ቅባት ሲቃጠል ነው። ሌላ ጊዜ ከማስነሳትህ በፊት በአልኮል በራሰ ጨርቅ ጥረገው፤ ኒኬል የተነከረ ከሆነ የጣትህ አሻራ ተቃጥሎ እንደ ንቅሳት ይቀርበታል።

አሁን የምጠይቅህን መልስ። አሮጌውን ስታወጣ የአፉ ጓርኒሲዮን፣ ያ ጭስ እንዳያፈስ የሚዘጋው ቀለበት፣ ከማርሚታው ጋር ወጣ ወይስ አልወጣም?

ሐይቅ_ዳር | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4:02

ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። አዲስ ቀለበት ከማርሚታው ጋር በላስቲክ ታሽጎ መጥቷል፤ እሱን ገጥሜዋለሁ። አሮጌውን ግን አላየሁትም። ወድቆ ይሆናል ብዬ መሬቱን ብፈልግ አጣሁት፤ በልቶ ጨርሶት ይሆናል ብዬ ተውኩት።

ጋሽ_ግራሶ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4:30

ቀለበት አይበላም። እዚያው ቴስታታው ውስጥ ነው ያለው።

እኔ በዚህ ሥራ ላይ ሰላሳ ዓመት አልፎኛል፤ እቤታቸው ማርሚታ ቀይረው ወደ እኔ ከመጡት መካከል የብዙዎቹ ጥፋት ይኸው ነው። አሮጌው ቀለበት ከዓመት ዓመት እየተረገጠ ይጠፈጠፋል፣ ጥላሸት ይለብሳል፣ መጨረሻ ላይ ከቴስታታው ግድግዳ ጋር አንድ ዓይነት መልክ ይይዛል። ጎንበስ ብለህ ብታይ ጥቁር ቀዳዳ እንጂ ሌላ ነገር አይታይህም። አንተ አዲሱን በላዩ ደረብክ። ሁለት ቀለበት ሲደራረብ ማርሚታው ወደ ቤቱ አይገባም፤ ጥቂት ወጣ ብሎ ይቆማል፣ ያውም ዘሞ። ጭሱ በዚያ ክፍተት ይወጣል። መተኮሱም ከዚያው ነው። የነዳጅ እጀታውን ስትለቅ ቱቦው ውስጥ ያልነደደ ቤንዚን ይቀራል፤ በክፍተቱ ንጹሕ አየር ወደ ውስጥ ሲሳብ ያ ቤንዚን ቱቦው ውስጥ ይነዳል። ሽማግሌው ከዘራቸውን ያነሱት በቀለበት ምክንያት ነው።

ነገ ሞተሩ ፍጹም ሲቀዘቅዝ ማርሚታውን እንደገና አውርደው። የስልክህን መብራት ከፊት ጎማው በኩል አስገብተህ የጭስ መውጫውን አፍ እየው። ከአፉ ትንሽ ወደ ውስጥ እንደ ደረጃ ያለች ጠርዝ ታያለህ። በጥፍርህ ዳብሳት። ከጎኗ ስስ የፀጉር ያህል መስመር ካለ እሷ ናት። በመሮና በመዶሻ እንዳትጀምር! ቴስታታው አሉሚኒየም ነው፤ አንድ ጊዜ የተቧጨረ መቀመጫ ምንም ቀለበት ብታስገባ አይዘጋም። የምስማር ጫፍ እንደ መንጠቆ አጥፈህ፣ ከሁለት ሦስት ቦታ በየተራ እየነቀነቅህ አውጣት። ከዚያ በፊት ወደ ውስጥ ጨርቅ ወትፍ፤ ስብርባሪ ወደ ቫልቩ እንዳይገባ። ስትጨርስ ደግሞ ጨርቁን ማውጣት እንዳትረሳ፤ የረሳ ሰው አውቃለሁ፣ ማን እንደሆነ ግን አልነግርህም።

አሮጌውን ማውጣት ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ ያልከው ስለ ዳዶዎቹ መሰለኝ። አልተቆረጠብህም አይደል?

ሐይቅ_ዳር | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4:41

እግዚአብሔር ይመስገን፣ አልተቆረጠም። ግን ላብ አሰመጠኝ። አንዱ ዳዶ ጠርዙ ተበልቶ ነበር።

ጋሽ_ግራሶ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4:55

ለሚቀጥለው አንባቢም ይሁን። ከቴስታታው የወጡት ሁለቱ ቋሚ ቡሎኖች ብረት ናቸው፤ የተተከሉት አሉሚኒየም ላይ ነው። እሳትና ዝናብ ሲፈራረቅባቸው ዳዶው ከቡሎኑ ጋር ይጋባል። ስለዚህ ማታውኑ የዝገት ማላቀቂያ ዘይት ርጭበት፤ ከሌለህ ናፍጣም ጥቂት ይረዳል። አዳሩን ይጠጣ። ጠዋት መጀመሪያ ወደ ማጥበቅ ገፋ አድርገው፤ አዎ፣ ወደ ማጥበቅ። ትንሽ «ጢቅ» ካለ ተላቋል፤ ከዚያ ሩብ ዙር ፍታ፣ መልሰህ አጥብቅ፣ ዘይት ጨምር፣ እንደገና ፍታ። በአንድ ትንፋሽ ልፍታው ያለ ሰው ቡሎኑን እንደ ሸንኮራ ይቆርጠዋል። ከዚያ በኋላ መሰርሰሪያና እንባ ነው። በክፍት አፍ መፍቻም አትንካው፤ ዳዶውን ስድስቱንም ጎን የሚይዝ ቡሶላ ይሁን።

ስትመልሰው የተበላውን ዳዶ ጣለው። የነሐስ ዳዶ ካገኘህ እሱን ግጠም፤ ከብረት ጋር አይጋባም። የቡሎኑን ጥርስ በሽቦ ብሩሽ አጽዳና የመዳብ ግራሶ ቀባ አድርግበት፤ ተራውን የጎማ ቤት ግራሶ አይደለም።

የበረት_ሐኪም | እሑድ፣ ከጠዋቱ 1:15

እንደምን አደራችሁ። አርሲ ውስጥ የእንስሳት ሐኪም ነኝ፤ ሥራዬን የምሠራው በአሮጌ ባለ ሁለት ምት ያማሃ ነው። ለነፃ ቱቦ አንድ ነገር ልበል። ባለፈው ዓመት የማርሚታዬ የውስጥ ቱቦ ጠፍቶ ለሁለት ሳምንት ያለ እሱ ነዳሁ። በረቱ ከመድረሴ በፊት ላሟ ገመዷን በጥሳ ሄዳለች። ባለቤቱ ላሟን ሲያሳድድ፣ እኔ ባለቤቱን ስጠብቅ፣ ቀኑ ያልቃል። ድምፅ የሚወድ ሰው ከብት ያልያዘ ሰው ነው።

ሁለተኛው ነገር ስለ ጉልበት ነው። የእኔ ሞተር ዳገት ላይ መድከም ጀምራ ነበር። ሁለት ቦታ ወስጄ «ፒስተኑ አልቋል፣ ሲሊንደሩ ይሞረድ» ተባልኩ። ጡረታ የወጣ አንድ ሰው ግን ከማርሚታው ጭራ የውስጥ ቱቦውን ስቦ አወጣና አሳየኝ። ቀዳዳዎቹ በሙሉ በከሰልና በዘይት ዝቃጭ ተደፍነው፣ የቀረው መተንፈሻ የብዕር ቀፎ ያህል ነበር። ባለ ሁለት ምት ዘይት አብሮ ስለሚያነድ ይህ ይደርስበታል። በእሳት አቃጥለን አረገፍነው፤ ሞተሯ በዚያው ቀን ነፍስ ዘራች። ስለዚህ ማርሚታ ከመግዛታችሁ በፊት፣ ባለ ሁለት ምት ያላችሁ፣ ውስጡን እዩት።

ነፃ_ቱቦ | እሑድ፣ ከጠዋቱ 2:30

እህቴ፣ ስለ ላሟ ይቅርታ። ግን ራስሽ መሰከርሽ፤ መተንፈሻው ሲከፈት ጉልበት ተመለሰ። እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው።

ጋሽ_ግራሶ | እሑድ፣ ከጠዋቱ 3:10

እመለስበታለሁ ያልኩት ይህ ነው። የተደፈነን መክፈትና የተሠራን ማፍረስ ለየቅል ናቸው። ጭሱ ከሞተሩ የሚወጣው እንደ ወንዝ ሳይሆን እንደ ልብ ምት ነው፤ እየመታ። እያንዳንዱ ምት ቱቦው ውስጥ ሄዶ ሲመለስ ግፊት ይፈጥራል፤ የቱቦው ርዝመትና የማርሚታው ሆድ የተለካው ይህ ግፊት በሰዓቱ እንዲመለስ ነው። ባለ ሁለት ምት ላይ ደግሞ የጭስ መውጫውን የሚዘጋ ቫልቭ ስለሌለ፣ ሊያመልጥ የነበረውን ያልነደደ ነዳጅ ወደ ሲሊንደሩ የሚመልሰው ያ ግፊት ነው። የዶክተሯን ማርሚታ ብታፈርሰው ድምፁ ይጨምራል፣ ዳገቱ ግን አይወጣም። ድምፅና ጉልበት ለጆሮ አንድ ይመስላሉ፤ ነፃ ቱቦ፣ ሰዓት ይዘህ አንድ ዳገት ሁለት ጊዜ ውጣና ንገረኝ።

ሐይቅ_ዳር | እሑድ፣ ከቀኑ 7:20

ጋሼ!!! አወጣኋት።

ልክ እንዳሉት ነው። በስልክ መብራት ሳየው ምንም የለም። በጥፍሬ ስዳብሰው ግን ከአፉ ግማሽ ጣት ገባ ብሎ ጠርዝ ያዘኝ። ምስማር አጥፌ አርባ ደቂቃ ያህል ነቀነቅኩ። መጀመሪያ አንድ ጎኗ ተነሣ፣ ከዚያ እንደ ደረቀ እንጀራ ጠርዝ ተቆርሳ ወደቀች። አሁን መዳፌ ላይ ናት። አዲሷ ቀለበት ወፈር ብላ ክብ ናት፤ ይህቺ ግን እንደ ሳንቲም ስስ ሆና፣ በአንድ ወገን የመዳብ ቀይ ሰውነቷ ይታያል፣ በሌላው ወገን ጥላሸት ብቻ ናት። አዲሷም ትናንት ዘማ በመጨፍለቋ ተንሻፋለች፤ ሌላ ገዝቼ መጣሁ።

አሁን ችግሬ ሌላ ነው። ቀለበቷን አፉ ውስጥ አስቀምጬ ማርሚታውን ሳነሳ ትወድቃለች። ሦስት ጊዜ ወደቀች። እጄም ሁለት ብቻ ነው።

ጋሽ_ግራሶ | እሑድ፣ ከቀኑ 7:45

ጀርባዋን በጣት ጫፍ ግራሶ ነካ አድርገህ ለጥፋት። እዚያው ትያዛለች፤ ግራሶው በመጀመሪያው ሙቀት ነድዶ ይጠፋል። ሲሊኮን እንዳትጠቀም፤ እዚያ አፍ ላይ ያለውን እሳት ሲሊኮን አይችለውም።

ማርሚታውን ከታች በድንጋይ ወይም በሣጥን ደግፈው፤ ክብደቱን ቡሎኑ ላይ አትጫን። ሁሉንም ቡሎን መጀመሪያ በጣትህ ብቻ አስገባ፣ የፊቱንም የኋላውንም። ከዚያ የማጥበቁ ተራ ከፊት ይጀምራል። ሁለቱን ዳዶዎች ግማሽ ዙር ግማሽ ዙር እያፈራረቅህ አጥብቅ፤ ግራና ቀኙ ክፍተት እኩል እየጠበበ መምጣቱን በዓይንህ ተከታተል። ቀለበቷ ስትጨፈለቅ ለስለስ ያለ ስሜት አለው፤ ከዚያ ጠንከር ይላል፤ እዚያ ቁም። በ10 መፍቻ የሚፈታ ኤም 6 ዳዶ ከሆነ ከ10 እስከ 12 ኒውተን ሜትር በቂው ነው። መለኪያ ከሌለህ አጭር መፍቻ ያዝ፤ ረጅም እጀታ ጉልበትህን ያሳስተዋል። የኋላ ማሰሪያ መጨረሻ ነው።

ያ የራቀው ጆሮ፣ ፊቱ በትክክል ከገባ በኋላ አብዛኛው ርቀት ይጠፋል። የቀረው ካለ በሮንዴላ (በቡሎኑ ላይ በሚገባ ጠፍጣፋ ቀለበት) ሙላው እንጂ በቡሎን አትጎትተው። ተጎትቶ የታሰረ ማርሚታ ሞተሩ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ከብየዳው ይሰነጠቃል።

የከዚራ_ልጅ | እሑድ፣ ከቀኑ 9:00

ከድሬዳዋ ነኝ። ጋሼ የተናገሩት ሁሉ ልክ ነው፤ እኔ አንድ ነገር ልጨምር። የጭስ ማፍሰሱ ተዘግቶም ትንሽ ከተኮሰ ነዳጅና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡሬተሩን ተመልከት። ኮፒ ማርሚታ አንዳንዴ ውስጡ ከኦሪጅናሉ ክፍት ይሆናል፤ ያን ጊዜ ድብልቁ ይቀጥናል፣ ማለትም ለአየሩ ነዳጁ ያንሳል። አዲስ አበባ 2,300 ሜትርና ከዚያ በላይ ላይ ስለሆነ አየሩ ሳስቷል፤ የአየር ግፊቱ ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ስለዚህ እዚያ ካርቡሬተር ነዳጅ ከመጠን በላይ ያበላል፤ ክፍት ማርሚታ ቢገጠምም ብዙ አይሰማም። ያው ሞተር ወደ እኛ፣ ወደ 1,200 ሜትር ገደማ ሲወርድ ግን ቅጥነቱ ይጋለጣል፣ ሙቀቱ ደግሞ ይጨመርበታል። ሀዋሳ መሃል ላይ ናት። ካንዴላውን (ነዳጁን የሚለኩሰውን ብልጭታ ሰጪ) አውጥተህ እየው፤ የቡና ከወተት ቀለም ከሆነ ደህና፣ ነጭ ከሆነ ቀጥኗል፣ ጥቁርና ደረቅ ከሆነ በዝቷል።

ሐይቅ_ዳር | እሑድ፣ ከምሽቱ 12:30

ገጠምኩ። ሳሉ ጠፋ። የሳሙና አረፋ አፉ ላይ ቀብቼ አስነሳኋት፤ አንድም አረፋ አልተነፋም። የሰፈራችን በያጅ ያስተማረኝን ሙከራም ሞከርኩ፦ ገና እንደተነሣች፣ ጭራው ሳይግል፣ በተጣጠፈ እርጥብ ፎጣ ሁለት ሦስት ሰከንድ ሲያፍኑት ሞተሩ ተንፈራግጦ መጥፋት አለበት፤ ካልጠፋ ሌላ ቦታ ያፈስሳል ማለት ነው። ጠፋች። ይህን ሁሉ ደጅ ላይ ነው ያደረግኩት፤ ዝናብ ሲጀምር ወደ ዕቃ ቤቱ ልገፋት ነበር፣ እናቴ ከለከለችኝ። ልክ ናት፤ በዚህ ጭስ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ ሳይሰጥ ሰው ይገድላል።

የኋላው ጆሮ ርቀት አንድ ሮንዴላ ያህል ብቻ ቀረ። ካንዴላው የቡና ከወተት ነው። ግን ይኸውላችሁ፣ የኋላውን ቡሎን ሳጠብቅ የማሰሪያው ጎማ እየተጨፈለቀ ይሄዳል፣ ማቆሚያ የለውም። አሮጌው እንዲህ አልነበረም።

የበረት_ሐኪም | እሑድ፣ ከምሽቱ 1:05

በአሮጌው ማርሚታ ጎማ መሃል አንዲት የብረት ቱቦ ነበረች? አጭር፣ እንደ ክር ማጠንጠኛ ያለች። እሷን ወደ አዲሱ ካላዛወርክ ቡሎኑ ጎማውን ይጨፈልቀዋል። እኔ እንደዚያው አስሬ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ጆሮው ተሰንጥቋል። ቱቦዋ ቡሎኑ የሚጠብቅባት ናት፤ ጎማው ንዝረቱን ብቻ ይችል ዘንድ ነው።

ሐይቅ_ዳር | እሑድ፣ ከምሽቱ 1:20

አለች! አሮጌው ውስጥ በዝገት ተጣብቃ ተቀምጣለች። ሁለተኛዋ የተደበቀች ዕቃ። ዶክተር፣ ከብቶቹ የታደሉ ናቸው።

ፍራንክፈርት_ማዶ | እሑድ፣ ከምሽቱ 2:50

በቅናት ነው የማነብባችሁ። እዚህ ጀርመን ኦሪጅናል ያልሆነ ማርሚታ በቤቴ መግጠም እችላለሁ፤ ነገር ግን በተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 92 መሠረት የጸደቀ ሊሆን ይገባል። ማርሚታው ላይ በክብ ውስጥ የላቲኑ «ኢ» ከነቁጥሩ ተቀርጾ ይገኛል፤ 1 ከሆነ ያጸደቀችው ጀርመን ናት፣ 3 ከሆነ ጣሊያን። የሌለው ሞተር የቴክኒክ ምርመራውን አያልፍም። ድምፅ መቀነሻውን አውልቆ የሚነዳም ፖሊስ ከመንገድ ያስቆመዋል። ነፃ ቱቦ፣ እዚህ ብትመጣ ሞተርህን ሸጠህ ቅጣት ትከፍላለህ።

ነፃ_ቱቦ | እሑድ፣ ከምሽቱ 3:15

ሁላችሁም ተባበራችሁብኝ። ለማንኛውም ዛሬ ከሰዓት ከጓደኛዬ ጋር አንድ ዳገት በሰዓት ወጥተነዋል፤ የእሱ ያልተነካ ነው። ውጤቱን አልጽፍም።

ጋሽ_ግራሶ | እሑድ፣ ከምሽቱ 3:40

ጽፈኸዋል።

ሐይቅ ዳር፣ ሁለት ነገር ቀርቶሃል። ነገ ጥቂት ከነዳህ በኋላ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የፊቶቹን ዳዶዎች አንድ ጊዜ ፈትሽ፤ ቀለበቷ በሙቀት ስትረጋ ጥቂት ይላላሉ። ሁለተኛ፣ ለዝገቱ። 1 ሊትር ቤንዚን ሲነድ ወደ 1 ሊትር የሚጠጋ ውሃ በእንፋሎት ይወጣል። ከቤት ገበያ፣ ከገበያ ቤት አሥር ደቂቃ ብቻ የምትነዳ ከሆነ ማርሚታው ሳይግል ይጠፋል፤ ውሃው ሆዱ ውስጥ ይቀራል፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላዋል። በሳምንት አንድ ቀን ግማሽ ሰዓት ያህል ረጅም መንገድ ንዳት። ከታች በኩል ትንሽ ቀዳዳ ካለች የፋብሪካ ጉድለት መስላህ እንዳታስበይዳት፤ የውሃው መውጫ ናት።

ሐይቅ_ዳር | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 2:10

ጋሼ፣ ያቺን ቀዳዳ ትናንት በማስቲሽ ልደፍናት ነበር። ተውኳት።

ዳዶዎቹን ፈትሼ ሩብ ዙር ያህል ወስደዋል። ቱቦዋን በነጭ ጋዝ ነክሬ አላቅቄ ወደ አዲሱ አዛውሬያለሁ። አሮጌውን ማርሚታ ጠዋት ቆራሌው ሲያልፍ ሰጠሁት፤ ሚዛን ላይ ሲያወጣው ከሆዱ አንድ ጣሳ የሚሆን የዝገት ዱቄት ፈሰሰ፤ ሰውዬው ቂም ይዞ ዱቄቱን ቀነሰብኝ።

የከዚራ_ልጅ | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 2:25

የፊቱን ፍላንጅ (ከቴስታታው ጋር የሚታሰርበትን ሳህን) ቆርጠህ አስቀረህ? ኮፒው ላይ ያለው ሲጣመም ያስፈልግሃል።

ሐይቅ_ዳር | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 2:31

አላስቀረሁም። ቆራሌው ገና ከመንደሩ አልወጣም፤ ድምፁ ይሰማኛል። መጣሁ።